ጋሜቶሳይት መሥራት ያቆመው ወባ፦ ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች

ልጆቼ፣

ስትጽፉልኝ ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ሕዝባችን መድኃኒት በሚቸገርበት አገር ጂን እንዴት ይከፈታል፣ እንዴት ይዘጋል እያሉ ዕድሜን መጨረስ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ትላላችሁ። ከቅን ልብ የመጣ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን «አይሆንም» ነው፤ ምክንያቱን ዕድሜዬን በሰጠሁት በወባ ተሕዋስ ላስረዳችሁ።

ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም በትንኟ ሆድ፣ በሰው ጉበትና በቀይ የደም ሴል ውስጥ መልኩን እየለዋወጠ ይኖራል። ዲኤንኤው ግን የትም ያው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ተነብቦ የታተመው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ 14 ክሮሞዞምና ከ5000 በላይ ጂኖች ያሉት። ልዩነቱን የሚያመጣው የትኛው ጂን መቼ ይሠራል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ጠበቅ አድርገው የያዙት የወባ ሰዎች አልነበሩም። ኤድዋርድ ሉዊስ፣ ክሪስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርት እና ኤሪክ ቪሻውስ የፍራፍሬ ዝንብ ሽል አካሉን ምን እንደሚያደራጀው መረመሩ። መንገዳቸው የተበላሸውን መመልከት ነበር፤ ክንፉ ወይም ክፍልፋዩ ካለቦታው የወጣን ዝንብ ይዘው የጎደለውን ጂን ፈለጉ። በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። ያኔ ዝንቡ ለወባ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀ ቢኖር፣ አጥጋቢ መልስ የሚሰጠው አያገኝም ነበር።

ወደ ወባው ልመለስ። ተሕዋሱ በደማችን ውስጥ በየ48 ሰዓቱ ይባዛል፤ የሚያንቀጠቅጠን ይኸው ነው። ወደ ትንኝ የሚሻገረው ግን ሌላ ቅርጽ ነው፤ ጋሜቶሳይት ይባላል። ከተሕዋሶቹ ጥቂቶቹ መባዛታቸውን ትተው ወደዚህ ይለወጣሉ፤ ለመብሰልም ከ10 እስከ 12 ቀን ይፈጅባቸዋል። ትኩሳቱ የለቀቀው ሰው ትንኝ ሊበክል የሚችለው ለዚህ ነው። ታዲያ «አሁን ተለወጥ» የሚለው ምንድን ነው?

ፋልሲፓረምን በላቦራቶሪ ያለማቋረጥ ማራባት የተቻለው በ1976 ነው። ለረጅም ጊዜ እንዲባዙ ከተደረጉት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ጋሜቶሳይት መሥራት አቆሙ። መተላለፍን ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ ዝርያ ከንቱ ይመስላል። ያልጣሉት ግን ዲኤንኤውን ከደህናው ጋር አስተያዩ። አንዱ ቡድን በሰው ወባ፣ ሌላው በአይጥ ወባ እየሠራ፣ በሁለቱም የተበላሸው ያው አንድ ጂን ሆኖ ተገኘ፦ ኤፒ2-ጂ። ውጤቱ በ2014 ታተመ። ይህን ዜና ሳነብ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልወጣልኝም። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ሌሎች ጂኖችን የሚያስነሣ ነው፤ ዘመዶቹም በዕፅዋት እንጂ በሰው ውስጥ የሉም። መድኃኒት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተሕዋሱን ሲመቱ ሰውየውን የመጉዳት ሥጋት ይቀንሳልና። ኋላም ጂኑን ዘግቶ የሚይዘው ኤችፒ1 የተባለ ፕሮቲን እንደሆነ፣ ጂዲቪ1 የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ኤችፒ1ን ከጂኑ ላይ እንደሚያስወግድ ታወቀ።

በአገራችንም ያልገጠመውን የማይጥል ያው ዓይን ያስፈልጋል። በ2021 የታተመ ጥናት በድንበር አካባቢዎቻችን ኤችአርፒ2 የተባለው ጂን የጠፋባቸው ተሕዋሶች እንዳሉ አሳይቷል። ብዙዎቹ የወባ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት የዚህን ጂን ፕሮቲን ስለሆነ በሽተኛው «ነፃ» ተብሎ ሊሄድ ይችላል። ነገሩን ያጋለጠው የሁለት ምርመራዎች አለመስማማት ነው፤ አንዱ «የለም» ሲል ሌላው «አለ» አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የደም ስላይድ በገዛ ዓይናችሁ ማንበብን ተማሩ፤ ውድ መሣሪያ ያላችሁ እንኳ ብትሆኑ ጂምሳ የተባለውን ተሕዋሱን የሚያሳይ ቀለም የተቀባ ስላይድ ፊት ተቀመጡ። መሣሪያ የሌላችሁ ደግሞ ፕላዝሞዲቢ የተባለ የወባ ተሕዋስ የጂን መረጃ ቋት አለላችሁ፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካላችሁ ዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። ናሙና ሰብስባችሁ ወደ ውጭ ስትልኩ ጥያቄውን አብራችሁ አትላኩ፤ ጥያቄው የእናንተ ይሁን፣ ትንተናውም ላይ ተቀመጡ። ከሌላው ጋር ያልገጠመውን ናሙና ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ በማቀዝቀዣ አኑሩት፤ አለቃችሁ «ጣለው» ቢላችሁም በአክብሮት ተከራከሩ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ክረምቱ አልፎ ትንኝ በሚጠፋባቸው የቆላ ወራት፣ ሕመም በማይሰማው ሰው ደም ውስጥ ያደፈጠው ተሕዋስ ኤፒ2-ጂ የተባለውን ጂን ምን ያህል ይከፍተዋል? ከእናንተ አንዱ ይህን ለመሥራት ካሰበ ዕቅዱን ይላክልኝ፤ አነበዋለሁ።