የባንክ ፈተናው የኮምፒውተር ክፍል፦ ፒዲኤፉን ዝጊው፣ ኤክሴሉን ክፈቺው

ጥያቄ፦ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ለአንድ ባንክ የጀማሪ ሠራተኛ ፈተና ተመዝግቤ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ሒሳቡና እንግሊዝኛው አያሰጋኝም። ባለፈው የጣለኝ የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ላፕቶፕ የለኝም። ከቴሌግራም ያወረድኩትን ፒዲኤፍ እየሸመደድኩ ነው፤ ግን አይያዝልኝም። ሰርተፍኬት የሚሰጥ ኮርስ ልመዝገብ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባይያዝልሽ አይገርመኝም። ከእነዚያ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ለህንድ የባንክ ፈተና የተዘጋጁ ናቸው። እጅሽ ላይ ያለውን ክፈቺና ኔፍት ወይም አይኤፍኤስሲ የሚል ጥያቄ ፈልጊ። ካገኘሽ ነገሩ ገብቶሻል። ኔፍት የህንድ የገንዘብ ማስተላለፊያ ሥርዓት፣ አይኤፍኤስሲ ደግሞ የህንድ ባንክ ቅርንጫፎች መለያ ኮድ ነው፤ ለኛ ምንም አያደርግልንም፣ እለፊው።

አርቲጂኤስን ግን እንዳታልፊው። ከፍ ያለ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያውኑ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው፤ እኛም አገር በብሔራዊ ባንክ በኩል ይሠራል። ስዊፍት ኮድም እንደዚያው፤ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ያለው፣ ባንክን ለውጭ ሐዋላ የሚለይ ኮድ ነው። ከቤታችን ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሪበት። የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም የሚያሠራው ኢትስዊች ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው።

ሌላው ችግር ፒዲኤፎቹ ማርጀታቸው ነው። አንዱ የኤክሴል ረድፍ 65,536 ነው ይልሻል፣ ሌላው 1,048,576። የቱን ትይዢ? የመጀመሪያው የድሮው ኤክሴል ነው፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. እትም ወዲህ ሁለተኛው ነው ትክክሉ። ይህንን ደግሞ መሸምደድ አያስፈልግም። ባዶ ሺት ላይ ኮንትሮልን ይዘሽ ወደ ታች የሚያሳየውን ቀስት ተጫኚ። ዘልሎ መጨረሻው ረድፍ ላይ ያወርድሻል፤ ቁጥሩን በግራ በኩል ታገኚዋለሽ። አንዴ በራስሽ ጣት ከደረስሽበት አይጠፋሽም። ይህ ክፍል እንደዚህ ነው የሚጠናው።

ላፕቶፕ የለኝም ላልሽው፣ ግቢው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱን በሰዓት ተነጋገሪ። ጠዋት ጠዋት ብዙ ሰው አይኖርም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰሞን ከሆነ ግን አትልፊ፣ ወንበርም አይተርፍሽም። ኤክሴልን ስልክሽ ላይ በነፃ ማውረድ ትችያለሽ። ለፎርሙላ ይበቃሻል፤ ለአቋራጭ ቁልፎቹ ግን የግድ ኪቦርድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ይህን ሥሪ። ኤ ዓምድ ላይ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምረሽ የአምስት ደንበኞች ስም፣ ቢ ላይ ያስቀመጡትን ብር ጻፊ። የቡና ነጋዴዎች አድርጊያቸው፣ ጅማ አይደለን? ኢ1 ላይ ወለዱን፣ 7% በይ። ከዚያ ሲ2 ላይ =B2*E1 ብለሽ ቢ2ን በኢ1 አባዢ። የመጀመሪያው ሰው 20,000 ብር ካለው 1,400 ይመጣል። አሁን ወደ ታች ጎትቺው። ሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ሆኑ አይደል? ፎርሙላው ሲወርድ ኢ1 አብሮ ወርዶ ኢ2፣ ኢ3 እያለ ሄደ፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም። ሲ2ን ከፍተሽ ኢ1 የሚለው ላይ ጠቋሚውን አሳርፊና ኤፍ4ን ተጫኚ። የዶላር ምልክት ይገባበታል፤ ኢ1ን ባለበት ያስረዋል። እንደገና ስትጎትቺው ሁሉም ይስተካከላል። አብሶሉት ሬፈረንስ እያሉ የሚያስጨንቁሽ ይሄው ነው። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ሰም (ድምር)፣ አቬሬጅ (አማካይ)፣ ኢፍ (እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን የሚል) እና ካውንትኢፍን (ሁኔታውን የሚያሟሉትን የሚቆጥር) ሞክሪ። ዓምዱን በጣም አጥብቢው፤ ቁጥሩ ወደ ሃሽ ምልክት ይቀየራል። ስሌቱ አልተበላሸም፣ ቦታ ጠቦት ነው። ምርጫ ውስጥ ስታይው እንዳትሸወጂ።

አቋራጭ ቁልፎችን ለማጥናት ማውሱን ንቀይው። ኮፒና ፔስትን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚወድቀው በእነዚህ ነው፦ ኤፍ2 የፋይል ስም ይቀይራል፣ ኤክሴል ላይ ግን ሴሉን ለእርማት ይከፍታል። ኤፍ5 ብራውዘር ላይ ገጹን ያድሳል፣ ፓወርፖይንት ላይ ስላይዱን ያስጀምራል። ኤፍ12 ዎርድ ላይ ሴቭ አዝ ነው። ሺፍትና ዲሊት አብረው ከተጫኑ ፋይሉ ሪሳይክል ቢን አይገባም፣ በዚያው ይሄዳል። ጥያቄው የቱ ፕሮግራም ላይ እንደሆነ ሳታዪ አትመልሺ።

ሃርድዌሩ ላይ ብዙ አትቆዪ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረግሽው ጽሑፍ የት ነበር? ራም ላይ፣ ጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ። ለዚያ ነው የጠፋው። ሃርድ ዲስክና ሮም (ቋሚው ማኅደረ ትውስታ) መብራት ቢጠፋም የያዙትን አይለቁም። ለጅማ ልጅ ከዚህ በላይ ማብራራት ትርፍ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት፣ አንድ ኪሎባይት 1,024 ባይት። ቫይረስ ፋይል ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፤ ዎርም ግን ራሱን እያባዛ በኔትወርክ ይዛመታል። «ከባንክ ነው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩ» የሚለው መልእክት ደግሞ ፊሺንግ ነው።

ኮርሱን አሁን ተዪው። ሦስት ሳምንት ውስጥ ኮምፒውተር አከፋፈትና አዘጋግ ሲያስተምሩሽ ፈተናው ይደርሳል። ባንኩ ከቀጠረሽ በራሱ ሲስተም ላይ ራሱ ያሠለጥንሻል። ለምዝገባ ያሰብሽውን ብር ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰዓት አድርጊው።