ባለቤቴ ስልኩን ደብቆብኛል፤ አስተማሪዋ ደግሞ «በቪዲዮ አስተምሪው» ትለኛለች

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ የሚያየውን ግን ቶሎ ይቀዳል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው የሚውለው። ስንቀማው ያለቅሳል፣ እጁን ይነክሳል። የልዩ ፍላጎት አስተማሪዋ ሥራን በቪዲዮ እየቀረጽኩ እንዳስተምረው መከረችኝ። ባለቤቴ ግን «ልጄን ያበላሸው ስልክ ነው፣ ጭራሽ ልትጨምሪበት ነው?» ብሎ ስልኩን ደበቀው። በዚህ ምክንያት ከተኳረፍን ሰነበትን። አማቴም እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ያስገቡታል። ምን ላድርግ? (ሰ. ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጠቡ ስለ ስልክ ይመስላል እንጂ እኔን ያሳሰበኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው የጓዳው ነገር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ሥራ እሰጥሻለሁ። በቅድሚያ ግን ከባለቤትሽ ጋር እንታረቅ።

ኦቲዝምን ስልክ አያመጣውም። ከመጀመሪያው የአንጎል ዕድገት ጋር የሚመጣ ነገር ነው፣ የዘር ድርሻም አለበት። የአንቺም የእሱም ጥፋት አይደለም። (ዘር ስላልኩ «በማን ወገን ነው?» የሚል አዲስ ጠብ እንዳትከፍቱ፣ አደራ!) ግን ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ1961 እ.ኤ.አ. አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ለትንንሽ ልጆች አሳየ፤ ልጆቹም ተራቸው ሲደርስ አሻንጉሊቱን እንደዚያው ደበደቡት። በ1963 የወጣው ጥናቱ ደግሞ ድብደባውን በፊልም ብቻ ያዩትም እንደሚቀዱ አሳየ። ባለቤትሽ የሚፈራው ይህንን ነው። አስተማሪዋ ተስፋ የጣለችበትም ይኸው ነው። ልጅ ከስክሪን ይቀዳል፤ ምን እናስቀዳው ነው ጉዳዩ።

በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ኦቲዝም ላለባቸው አምስት ልጆች አንዳንዱን ነገር በቪዲዮ፣ አንዳንዱን ደግሞ ሰው ፊት ለፊት እየሠራ አሳያቸው። በጥቅሉ በቪዲዮ ያዩትን ቶሎ ያዙት። አምስት ልጅ ጥቂት ነው፣ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፤ ዛሬ ዘዴው ለእነዚህ ልጆች ይሠራሉ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለምን እንደሚሠራ ለመገመት አይከብድም። እኛ ስናስተምር ድምፃችን ይለዋወጣል፣ ይደክመናል፣ አንድ ቀን በቀኝ እጅ ያሳየነውን በማግስቱ በግራ እናሳያለን፣ ሦስተኛው ላይ እንቆጣለን። ቪዲዮ ሁሌም ያው ነው። ደግሞም ልጁ ዓይን ለዓይን ለመተያየት አይገደድም።

ልጅሽ ሲያይ የሚውለው ቪዲዮ ግን ማለቂያ የለውም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይመጣል። አንቺ የምትቀርጪው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እንዳለቀም የልጁ እጅ ሥራ ይይዛል። ይህ ካልሆነ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ተጨማሪ ስልክ ነው።

አሁን ሥራው። እንግዳ ሲመጣ እጅ ማስታጠብ ይማር።

ይህንን የመረጥኩት ከጓዳ ስለሚያወጣው ነው። ቃል አይጠይቅም፣ ቅደም ተከተሉ አይቀያየርም፣ ሲጨርስ ደግሞ ይመረቃል። ቀረጻው ላይ የባለቤትሽን እጅ ተጠቀሚ። ፊቱ አይታይም፣ እጁ ብቻ። እንግዳዋ አማትሽ ይሁኑ፣ ሶፋ ላይ ይቀመጡ። ስልኩን ከባለቤትሽ ትከሻ በላይ ይዘሽ ወደ ታች ቅረጪ፤ ልጅሽ ሲያየው የራሱን እጅ የሚያይ ይምሰለው። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ሙዚቃ አይግባበት። የዩቲዩብ ቪዲዮ አውርደሽ አትገላገይ፤ ልጁ የሚያየው የራሳችሁን ጆግ፣ የራሳችሁን ማስታጠቢያና የራሳችሁን ፎጣ መሆን አለበት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፎጣውን ትከሻ ላይ ጣል ያደርጋል፣ በግራ እጁ ማስታጠቢያውን በቀኙ ጆጉን ይይዛል፣ አማትሽ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ውሃውን በቀስታ ያፈሳል። ጆጉ እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላ፣ ሙሉው ይከብደዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። መቼ ማቆም እንዳለበት ማንም አይነግረውም፤ እኛ ከሰውየው እጅ አይተን እናውቃለን፣ ለእሱ ግን ይህ ምስጢር ነው። ስለዚህ አማትሽ ሁለት እጃቸውን አራግፈው «በቃ» ይበሉ። ያኔ ጆጉ ቀና ይላል። ይህችን ቦታ ቀረብ ብለሽ ቅረጫት። ከዚያ ፎጣው ይሰጣል፣ አማትሽም «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ይመርቃሉ። ስህተት ያለበትን ቀረጻ አጥፊው። «እንዲህ አታድርግ» ብለሽ ብታሳዪው የሚቀዳው ያንኑ ነው።

ለልጁ ስታሳዪው አጠገቡ ቁጭ በይ፣ አታውሪ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይየው፣ ወዲያው ጆጉን አስይዢው። ከተደናገረ እጁን ይዘሽ አግዢው፣ እየቆየሽ እገዛሽን ቀንሺ። ሙሉው ከበዛበት ቆራርጪለት፦ ፎጣውን አሳይተሽ ፎጣውን ይሥራ፣ ቀጥሎ ጆጉን። ውሃ ቢያፈስ ጠረገን ቀጠልን ነው። ሌላም መንገድ አለ። እያገዛችሁት ሲሠራ እሱኑ ቀርጻችሁ የእናንተ እጅ የገባበትን ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ራሱን ሲሳካለት ያያል። እኔ ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው።

ባለቤትሽን «ተሳስተሃል» አትበይው። «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ መዋሉን እኔም አልወደድኩትም፣ በቀን ስንት ሰዓት ይበቃዋል? አንተ ወስን። ለትምህርቱ ግን ያንን አሮጌውን ስልክ ስጠኝ፣ እጅህንም እፈልገዋለሁ» በይው። አሮጌው ስልክ ኢንተርኔትም ጌምም አይኑርበት፣ ለሥራ ብቻ ይሁን፤ ያኔ ልጁም ሁለቱን ይለያል። ሌላውን ስልክ ግን በአንድ ቀን አትንጠቁት። ሊያልቅ ሲል አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አሳዩት። እጁን እስኪቆስል የሚነክስ ከሆነ ከእኔ ምክር አልፏል፣ የሕፃናት ሥነ አእምሮ ባለሙያ ይየው።

ቀረጻው ከቤት አይውጣ። ቲክቶክ አይደለም፣ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አይለቀቅ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ሲቀይር፣ ሽንት ቤት ሲጠቀም በጭራሽ አይቀረጽ፤ እነዚያን በሥዕል አስተምሪው። ልጁ ነገ ትልቅ ሰው ነው።

አማትሽን አትጥያቸው። የሰው አፍ ፈርተው ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት ነው፤ ያኔ እንዲህ ያለ ልጅ አለኝ ብሎ አደባባይ የሚወጣ ስንት ነበር? ይህንን ለአማትሽ አጫውቻቸው። የመጀመሪያዋ እንግዳ እሳቸው ናቸው፣ ቀጥሎ ጎረቤት ወይም አጎት፣ እንዲህ እያለ አንድ አንድ ሰው ጨምሪ፤ ሰርግ ቤት ቀጥ ብለሽ እንዳትወስጂው። ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ለውጥ ከሌለ ቪዲዮው ረዝሞ ይሆናል ወይም ልጁ ስክሪኑን እንጂ እጁን እያየ አይደለም፤ ቀረጻውን ለአስተማሪዋ አሳዪያትና አብራችሁ እዩት።