ዲናሞውን ከማስፈታትህ በፊት መብራቱን እይ

ወንድሜ፣ በአሮጌው ትራክተርህ ላይ አዲስ ባትሪ አስረህም በሁለት ቀን እንደሚወርድብህ፣ የቻርጅ መብራቱም ጋዝ ስትሰጥ ደብዘዝ ብሎ መልሶ እንደሚደምቅ ጽፈሃል። «ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው ኤሌክትሪክ አመንጪ) ሞቷል፣ ቀይረው» ያሉህን ለጊዜው ተዋቸው። ይሄው ምልክት እያለብኝ እኔም ሁለት ጊዜ የዲናሞውን የውስጥ ሽቦ እንደ አዲስ አስጠቅልያለሁ። በእርግጥም ተቃጥሎ ነበር፤ ያቃጠለው ግን ሌላ ነገር ነው።

የመብራቱ አንዱ ጫፍ ባትሪውን፣ ሌላው ዲናሞውን ይነካል። ሞተሩ ሳይነሳ ዲናሞው ስለማያመነጭ ይበራል፤ የሁለቱ ቮልት ሲተካከል ይጠፋል። ከዚያ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሳጥን) ውስጥ ያለው ካት-አውት የሚባል ራሱ የሚገጥም ማገናኛ ገጥሞ ዲናሞውን ከባትሪው ጋር ማገናኘት አለበት። ካልገጠመ የዲናሞው ቮልት ብቻውን እየወጣ ይሄድና መብራቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይበራል። መልሶ የሚደምቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዲናሞህ እያመነጨ ነው፣ ባትሪው ጋ አልደርስ አለ እንጂ። እንዲህ ሆኖ አታሠራው፤ ቮልቱ የሚገታው ካጣ የዲናሞውን የሽቦ ጥቅል ያነደዋል።

ለማረጋገጥ ከዲናሞው ላይ ትልቁን የ«ዲ» እና ትንሹን የ«ኤፍ» ገመድ ንቀል። ሁለቱን ብሎኖች በአጭር ሽቦ አገናኝና ቮልት የሚለካውን ቴስተር በእነሱና በዲናሞው የውጭ ብረት መካከል ያዝ። ሞተሩን አስነሳና ከሚኒሞ (ያለ ጋዝ ከሚዞርበት ፍጥነት) ቀስ እያልክ ጋዝ ጨምር። ሳይዋዥቅ ወደ 20 ቮልት ከወጣ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ አትግፋው። ምንም ካላነበበ ካርቦኖቹን (የሚሽከረከረውን ክፍል እየነኩ ኤሌክትሪኩን የሚቀበሉትን) እይ። 1 ቮልት አካባቢ ከቀረ የመስኩ ጥቅል (ማግኔት የሚፈጥረው የማይዞር ሽቦ)፣ 4 ወይም 5 ላይ ከቆመ የሚሽከረከረው ጥቅል ይጠረጠራል። ይህ የመስኩ ጥቅል አንድ ጫፍ እዚያው ውስጥ ማሳ ለሆነበት (ከብረቱ አካል ጋር ለተያያዘበት) ዲናሞ ነው፤ አልተርኔተር (ዲናሞን የተካው አዲሱ ዓይነት አመንጪ) ላይ በፍጹም እንዳትሞክረው።

የእኔ ጥፋት የተገኘው ሬጉሌተሩ ሥር ነው። ትራክተሩን ቀለም ካስቀባሁ በኋላ ሬጉሌተሩን እዚያው ቀለም ላይ አሰርኩት፤ «ኢ» የሚለው የማሳ ገመድም ላልቶ ነበር። የካት-አውቱ ጥቅል ማሳ ካላገኘ ስለማይስብ፣ ነጥቦቹ (ሲነካኩ መስመሩን የሚያገናኙት) ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ቮልት የሚቆጣጠረው የሬጉሌተሩ ክፍልም ማሳ ስለሌለው ዲናሞውን አይገታውም። ሁለት ጥቅል የበላብኝ አንድ ያልተፋቀ የብሎን ቦታ ነው!

ስለዚህ መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ ፍታ፣ የሬጉሌተሩን ማሰሪያ ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅ፣ የ«ኢ»ን ገመድ አጥብቅ። የካት-አውቱ ነጥቦች ከጠቆሩ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አጽዳቸው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያም በዚያው እየው፣ ላልቶ እንዳይሆን።

ከዚያ የሙከራውን አጭር ሽቦ አንስተህ፣ የነቀልካቸውን ገመዶችና የባትሪውን ማሳ መልሰህ እሰር። ሞተሩን አስነስተህ ከሚኒሞ በላይ ስታደርገው መብራቱ ጠፍቶ መቅረት አለበት፤ የባትሪው ጫፎችም ቀስ በቀስ ወደ 14 ቮልት አካባቢ መድረስ አለባቸው። ካልደረሱ የ20 ቮልቱ ሙከራ ላይ ያነበብከውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንፈልገዋለን።