ሚንት ጫንበት
ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበል ስላለኝ ወደ ሊኑክስ (ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሲስተም) ልሂድ ወይ ላልከው፣ ሂድ ወንድሜ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ካላገኘ በጄ አይልም፣ ደህና የሚሠራውን ማሽን ጣለው ማለት እኮ ነው። ሊኑክስ ሚንትን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) በኤክስኤፍሲኢ፣ ማለትም ቀለል ባለው የስክሪን ገጽታው ጫን፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ከስክሪኑ ስር ያለውን ፓነል በሴቲንጉ ቁልፉን ከፍተህ በማውስ ወደ ላይ ብትጎትተው ማንም ምን አደረግክ አይልህም (እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት እሱን ነው)። ግን ሊኑክስ ስለሆነ ብቻ አይሰልለኝም ብለህ አትመን። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ራሱ በ2012 የገዛ ፋይልህን ስትፈልግ የአማዞን ሸቀጥ ይደቅንብህ ነበር። ክሮም ጭነህ በጉግል አካውንትህ ከገባህማ ምኑን ሸሸኸው? ፋየርፎክስ አብሮት ይመጣል፣ እሱን ተጠቀም። ብቻ ዲስኩ ላይ ያለውን ከማጥፋትህ በፊት ሚንትን ከፍላሽ አስነሣውና ዋይፋዩ መሥራቱን እይ።