ደጋፊ ውል አያድስም

ከካናዳዋ ሚሲሳጋ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ጉዳዩን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጥ። የሁለተኛ ዓመት የብሮድካስት ጋዜጠኝነት ተማሪ ነሽ፤ ሕልምሽ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ አስተላላፊ መሆን ነው። የሆኪ ተንታኙ ዶን ቼሪ ከስፖርት ቴሌቪዥኑ ስፖርትስኔት ሲሰናበት ደጋፊዎች ያሉትን ሰብስበሽ እንድትተነትኚ የክፍል ሥራ ተሰጠሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ግን ትንተናው ቀርቶ ፍርሃት ያዘሽ። «ገሚሱ እውነት ተናጋሪ ተሰዋ ይላል፤ ገሚሱ ገና ድሮ መባረር ነበረበት ይላል። ያን ሁሉ ዘመን የሠራ ሰው በሁለት ቀን ከተጣለ እኔ ምን ዋስትና አለኝ? እናቴ ነርሲንግ ተማሪ ትለኛለች። ልስማት?» ብለሻል።

ወደ እናትሽ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን እንየው፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቼሪ በ1970ዎቹ የቦስተን ብሩይንስ አሠልጣኝ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ቅዳሜ ማታ በ«ሆኪ ናይት ኢን ካናዳ» የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ፣ ዓይን የሚበሉ ኮቶቹን ለብሶ ያሻውን ሲናገር ኖረ። በ2004 የካናዳው የሕዝብ ማሰራጫ ሲቢሲ ታላቁ ካናዳዊ ማን ነው ብሎ ሕዝቡን ሲያስመርጥ 7ኛ ወጥቷል። ኖቬምበር 9 ቀን 2019፣ ስደተኞች ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ የሚሆነውን ቀይ አበባ ገዝተው ደረታቸው ላይ አያደርጉም ብሎ «እናንተ ሰዎች» ሲል ወቀሰ። የአንቺኑ ከተማ ሚሲሳጋንም ጠርቷል፤ እርሱም ነዋሪነቱ እዚያው ነው። ኖቬምበር 11፣ በራሱ በመታሰቢያው ቀን፣ ተሰናበተ። የካናዳ የብሮድካስት ደረጃዎች ምክር ቤት የጎረፈለት አቤቱታ ከአቅሙ በላይ መሆኑን እስከ መግለጽ ደርሶ ነበር።

እናትና አባትሽ የመጡት ከየት እንደሆነ ስለማውቅ ያንን ንግግር ስታዳምጪ ምን እንደተሰማሽ አልጠይቅሽም። የእኔን ፍርድ ግን ልንገርሽ፦ ስንብቱ ተገቢ ነበር። አብሮት ተቀምጦ የነበረው ሮን ማክሊን በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ቼሪ አልጠየቀም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር አልልም፤ ነገር ግን አንደኛው ወንበሩ ላይ ቆየ፣ ሌላኛው ሄደ።

የሰበሰብሻቸው አስተያየቶች ውስጥ አንድ ሰው ጠፍቷል፤ ውሉን የያዘው ሰው። የ«ሆኪ ናይት» መብት እስከ 2014 የሲቢሲ ነበር። ከዚያ ወዲህ 12 ዓመት የሚዘልቀውን የማስተላለፍ መብት ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ በ5.2 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወሰደው፤ ስፖርትስኔት የእርሱ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ አፍስሶ ማስታወቂያ ሸጦ መመለስ ያለበት ኩባንያ፣ በአንድ ሰው ንግግር የተነሳ ግማሽ ተመልካቹን ማስቀየም አይችልም። ደጋፊው ፍቅሩንና ጥላቻውን ይናገራል፤ የሚወስነው መብቱን የገዛው ነው።

ስለዚህ ሊያስፈራሽ የሚገባው ቼሪ አይደለም። እርሱ በተናገረው ሄደ፤ አንቺ አፍሽን መጠበቅ ትችያለሽ። ሊያስፈራሽ የሚገባው ጆን ፎርስላንድ ነው።

ፎርስላንድ የአሜሪካው ሆኪ ቡድን የካሮላይና ሃሪኬንስ የቴሌቪዥን ድምፅ ነበር፤ ቡድኑ ገና ሃርትፎርድ ሳለ ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አብሮ ዘልቋል። በካሮላይና ያደጉ ልጆች ጎል ሲገባ የሚሰሙት የእርሱን ድምፅ ነው። ማንንም አልሰደበም፤ ምንም አላጠፋም። ጁን 30 ቀን 2020 ውሉ አለቀ፤ ከቡድኑ ጋር ሳይስማሙ ቀሩ፤ በቃ። ደጋፊው ተንጫጫ፣ አዘነ፣ ቡድኑን ወቀሰ። ውሉ አልታደሰም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ሲዘጋ እናቶች እያለቀሱ ደውለውልኛል፤ አንዲቱ እንዲያውም ዳቦ ጋግራ ልካለች። ዳቦው ግሩም ነበር፤ የአየር ሰዓቱን ኪራይ ግን ሊከፍል አልቻለም።

ለቅሷቸውን አላቃልልም። የእኔ ትውልድ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ኳስ ያየ ትውልድ ነው፤ አዎ፣ በሬዲዮ ያየ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲጠፋ ከቤት ሰው እንደጎደለ ያህል ነው።

ፎርስላንድ ግን ቤቱ አልቀረም። ከሃሪኬንስ ጎን ለጎን ለአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ አገር አቀፍ ጨዋታዎችን ያስተላልፍ ስለነበር ድምፁ ከአንድ ከተማ ውጭ ይታወቃል። አስተውይ፣ ኤንቢሲም ቢሆን በ2021 መብቱን ለኢኤስፒኤንና ለተርነር አስረክቦ ከሆኪ ወጣ። በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለቱም እግሮቹ ተቆርጠው ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን አዲሱ የሲያትል ክራከን ቡድን ቀጥሮት ነበር፤ ቡድኑ የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑን ያሳለፈው በእርሱ ድምፅ ነው።

ደጋፊ ምንም ኃይል የለውም እያልኩሽ ግን አይደለም። በ2014 ማክሊን ከ«ሆኪ ናይት» ዋና ወንበር ተነስቶ ጆርጅ ስትሮምቦሎፖሎስ ሲተካ ተመልካቹ አዲሱን አቅራቢ አልተቀበለውም፤ በ2016 ሰውየው ሄደ፣ ማክሊን ተመለሰ። ስለዚህ ደጋፊ የሚወደውን ማቆየት ባይችልም ያልወደደውን መሸኘት ሊያፋጥን ይችላል። ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን እንዲህ ነው።

በደብዳቤሽ ግርጌ ስለ ስምሽና ስለ አነጋገርሽ ትንሽ ጥለሽ አልፈሻል፤ ዋናው ፍርሃትሽ እዚያ ይመስለኛል። ሃርናራያን ሲንግን ፈልጊና አዳምጪ። በ2008 በፑንጃቢ ቋንቋ የሚተላለፈው «ሆኪ ናይት» ሲጀመር ከካልጋሪ ቶሮንቶ በየሳምንቱ መጨረሻ እየበረረ ይሠራ ነበር። በ2016 የሆኪው ትልቁ ዋንጫ የስታንሊ ካፕ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ኒክ ቦኒኖ ለፒትስበርግ ሲያገባ ስሙን ደጋግሞ የጮኸበት ቅጂ ዓለምን ዞረ። ሰው የሚያወራው ስለዚያች አጭር ጩኸት ነው፤ ከኋላዋ ስምንት ዓመት አለ። በኋላ በእንግሊዝኛም አስተላልፏል። ሴትነትሽም የሚያሳስብሽ ከሆነ ሊያ ሄክስቶል ማርች 8 ቀን 2020 በስፖርትስኔት ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተዘጋጀውን ጨዋታ አስተላልፋለች። ከዚያ በኋላ ኢኤስፒኤን ስትገባ ደጋፊ ስድብ አውርዶባታል፤ ይህን አልደብቅሽም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ቅዳሜ ጠዋት በአቅራቢያሽ ወዳለ የበረዶ ሜዳ ሂጂ፤ የወጣቶች ጨዋታ አይጠፋም። ከላይ ተቀመጪና ስልክሽን ከፍተሽ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ብቻሽን አስተላልፊ። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ አዳምጪው። ውጤቱን ስንት ጊዜ ተናገርሽ? ፓኳ (የሆኪዋ ኳስ) የትኛው ማዕዘን እንዳለች ይታወቃል? የተጫዋቾቹን ስም አጣርተሻል? ስማቸውን አጥርቶ የሚጠራ ሰው ወላጆች አይረሱትም፤ የአንቺን ስም የሚያበላሹ ስንት እንደሆኑ አስቢና እወቂው። በኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ ቡድኖችም ሆነ በ2024 በተጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ዙሪያ ካሜራ የሚይዝና ድምፅ የሚያቀናብር ልምምደኛ አይናቅም፤ ማይክሮፎኑን እስክትይዢ ድረስ ቅንብር ተማሪ። የመጀመሪያ ውልሽን ስትፈርሚ ከደመወዙ በፊት የሚያልቅበትን ቀን፣ ቀድሞ የማሳወቂያ ጊዜውን፣ ከወጣሽ በኋላ ለተፎካካሪ እንዳትሠሪ የሚከለክል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን፣ ደግሞም መብቱ ለሌላ ድርጅት ቢሸጥ ምን እንደምትሆኚ ጠይቂ። መልስ የማይሰጥሽ ካለ መልሱን ሰጥቶሻል።

እናትሽን በሚመለከት፦ ነርሲንግ መጥፎ ሙያ አይደለም፤ አንቺ ግን አልፈለግሽውም፣ ያልወደዱትን ሙያ በሌሊት ፈረቃ መሥራት ከባድ ነው። በዚህ በጋ የሆስፒታል የግማሽ ቀን ሥራ ብታገኚ ግን ያዢው፤ ኪራይ ይከፍላል፣ እርሷም ትረጋጋለች። የሁለት ዓመት ጊዜ ጠይቂያት፤ ቀኑን ራሷ ትጻፍ።

ቀረጻውን ስትልኪልኝ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንዳትቆርጪያቸው፤ ትንፋሽሽ የሚያጥረው እዚያ ነው፣ ልሰማው የምፈልገውም እርሱን ነው።