ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ለሚል ሃይሉክስ

ወንድሜ፣ የ1993 ሃይሉክስህ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ አልገባ ይላል፣ ሲሞቅ ይስተካከላል፣ መካኒኩ ደግሞ «ካምቢዮው ይውረድ» ብሏል። የካምቢዮ ዘይት ብቀይርስ ነው ጥያቄህ። በኔ እምነት ካምቢዮ ከማስወረድህ በፊት ዘይቱን ቀይር። እኔም ያረጀ ፒክአፕ ነው የምነዳው፣ የሚያድረውም ደብረ ብርሃን ነው። የህዳርንና የታህሳስን ጠዋት እዚያ ያደረ ያውቀዋል።

ማርሽ ስታስገባ ጥርሶቹ ከመያያዛቸው በፊት ሲንክሮናይዘር የሚባል የነሐስ ቀለበት ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። የሚሠራው በፍትጊያ ስለሆነ ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ገፍቶ ብረቱን መያዝ አለበት። ዘይቱ በብርድ ከወፈረ ቶሎ አይገፋለትም፣ ማርሹም እጅህ ላይ ድርቅ ይላል። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ይገባል። ስለዚህ ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይቱ ነው። መኪናው ሞቆም «ክርርር» የሚል ከሆነ ግን ቀለበቱ ተበልቷል፣ የተበላን ነገር ዘይት አይመልሰውም።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ፍሪሲዮኑን ፈትሽ። መኪናው ከሞቀ በኋላ ቁመህ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ርገጥ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ቆይና ሪቨርስ አስገባ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው። ፔዳሉን ደጋግመህ ስትረግጠው የሚሻለው ከሆነ የፍሪሲዮኑ መስመር ውስጥ አየር አለ ወይም የፍሪሲዮኑ ሲሊንደር ያፈሳል። እሱን ሳታስተካክል የካምቢዮ ዘይት ብትቀይር ለውጥ አታይም።

ዘይቱ ላይ ጠንቀቅ በል። ሱቅ ገብተህ «የካምቢዮ ዘይት» ካልክ ያገኘውን 90 ወይም 140 ነው የሚያነሳልህ፣ ቁጥሩ የዘይቱ ውፍረት ነው። 140 ለዚህ ካምቢዮ በፍጹም አይሆንም። ጣሳው ላይ 75ደብሊው-90 የሚለውን ፈልግ፣ በብርድ ቀጠን ብሎ የሚቆየው እሱ ነው። ጣሳው ላይ ከሚጻፉት የዘይት ደረጃዎች ቶዮታ ጂኤል-4ንም ጂኤል-5ንም ይፈቅዳል፤ እኔ ጂኤል-4 ነው የምመርጠው። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ታስቦ ኬሚካሉ የበዛበት ነው፣ አንዳንዱ ነሐስ ይበላል፣ ለቀለበቱም ከልክ በላይ ያንሸራትታል። አይሱዙ ያላችሁ ግን ይሄን አትከተሉ። ብዙዎቹ የአይሱዙ ማንዋል ካምቢዮዎች የሞተር ዘይት ነው የሚሞላባቸው፣ 90 ሞልተው ጠዋት ከማርሽ ጋር የሚታገሉ ሾፌሮች አሉ። የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ እዩ።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም። ትንሽ ነድተህ አሙቀው፣ ሜዳ ቦታ ላይ አቁመው። መጀመሪያ የምትፈታው ጎን ላይ ያለውን የመሙያውን ቡሎን ነው! የታችኛውን ከፍተህ ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢልህ መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀራል። የተቆረጠ ጀሪካን ከስር አድርግና አፍስሰው፣ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ታገስ።

አሁን የወጣውን ቡሎን በደንብ እየው። ማግኔት ያለው ከሆነ ጫፉ ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ይኖራል፣ በጣትህ ስታሸው ምንም አይቧጥጥም። ይሄ የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። ዘይቱ ውስጥ ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ቢጫ ብናኝ ከበዛ ቀለበቱ እያለቀ ነው። የጥርስ ስባሪ ካገኘህ መካኒኩ ልክ ነው፣ ይውረድ።

የቡሎኑን ሮንዴላ በአዲስ ቀይር፣ የታችኛውን እሰር፣ በእጅ ፓምፕ በጎኑ ቀዳዳ ሙላ። ከቀዳዳው መልሶ መፍሰስ ሲጀምር በቃ፣ ያ ነው ልኩ። የገባውን ሊትር ከወጣው ጋር አወዳድር። ያረጁት ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያንሳል፣ የሆነ ቦታ ሲያንጠባጥብ ከርሟል ማለት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ከሆነ የሚያንጠባጥበው ዘይቱ ፍሪሲዮኑን ሳያበላሽ አሠራው።

ሪቨርሱን ሞክረህ ያገኘኸውን ንገረን፣ የቡሎኑንም ፎቶ ለጥፍልን።