አካል ጉዳት፣ ሴትነትና ወንድነት፦ ከቱሉ ዲምቱ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ለማታውቁኝ፦ በሕፃንነቴ የልጅነት ልምሻ ይዞኝ በክራንች ነው የምሄደው። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው። ጥያቄዎቻችሁን አንብቤያለሁ፤ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ በመኪና አደጋ እግሬን ካጣሁ 2 ዓመት ሆነኝ። ሁሉም «ተቀበይው» ይለኛል። መቼ ነው የምቀበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ዓመት ገና ነው። እኔ ሌላ እግር ኖሮኝ አያውቅም፤ እንዲያም ሆኖ 30 እስኪሞላኝ የእግሬን ብረት ለመደበቅ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ነበር የምለብሰው። አንድ ቀን ክራንቼ ቀሚሱ ውስጥ ገብቶ ታክሲ በር ላይ ወደቅሁ። በማግስቱ ቀሚሱን አሳጠርኩት። አለቀ ማለት ግን አይደለም። ታናሽ እህቴ ስትዳር ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ሐዘኑ ይመለሳል፤ ሲመለስ ወደ ኋላ የሄድሽ አይምሰልሽ።

ጥያቄ፦ ለሴትና ለወንድ ይለያያል?

መልስ፦ በደንብ። ወንድ ሲጎዳ «ቤቱን በምን ያስተዳድራል?» ይባላል። ሴት ስትጎዳ «ማን ያገባታል?» ሁለታችንም የምንታገለው ከዚያ ጥያቄ ጋር ነው። ፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ጎረቤት አለኝ። ከሕመሙ ይልቅ የሰበረው ሚስቱ እንጀራ ሸጣ ማስተዳደሯ ነበር፤ ወራት መጋረጃ ዘግቶ ተቀመጠ። አሁን ሊጡን የሚያቦካው እሱ ነው።

እኔን ደግሞ እናቴ «እሳት ላይ ትወድቂያለሽ» እያለች ወጥ ቤት አታስገባኝም ነበር። ከፍቅር ነው፤ ግን «ሴት አትሆኝም» ብላ የነገረችኝ ያህል ነበር የሚሰማኝ። በ26 ዓመቴ ቤት ተከራይቼ ስወጣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ወለል ላይ አስቀምጬ፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጋገርኩ። የመጀመሪያዎቹ ተቀዳደዱ፤ በላኋቸው። እናቴ ስትመጣ ደህናውን አቀረብኩላት። ምንም አላለችም። ስትሄድ አንዱን ጠቅልላ ያዘች።

ደግሞ ነገሩ አንዳንዴ ይገለበጣል። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ዓይነ ስውርነቷ ከያለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ተናግራለች። ሕግ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለመች። «ማን ያገባታል» የተባለችው ልጅ ማለት ናት።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ መራመድ አትችልም። ሰው ከንፈሩን ሲመጥባት ስለማልችል ቤት ዘግቼባት ነው ሥራ የምውለው።

መልስ፦ እናትዬ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን አውጪያት። በር ተዘግቶባት የምትውል ሴት ልጅ ከክፉ ሰው አልተጠበቀችም፤ ብቻዋን መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሰውነቷን ክፍሎች በስማቸው አስተምሪያት፤ የነካት ካለ እንድትነግርሽ አስለምጃት። በአምቦ መንገድ መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከል ለረጅም ዓመታት ልጆችን ሲረዳ የኖረ ነው፤ ሄደሽ ጠይቂ። ከንፈር ለሚመጠው ደግሞ እሷ ራሷ ጮክ ብላ «እንደምን ዋሉ?» ትበል። ብዙው ሰው ደንግጦ ሰላምታ ይመልሳል።

ጥያቄ፦ መቀበል ማለት ዝም ማለት ነው? መሥሪያ ቤታችን ደረጃ እንጂ መወጣጫ የለውም።

መልስ፦ በፍጹም! የምንቀበለው እግራችንን ነው፤ ደረጃውን አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪ የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አመቺ እንዲያደርግ ያዛል። ሴት አካል ጉዳተኛ ድርብ ጫና እንዳለባትም ይቀበላል፤ በሥራ ቦታ ከሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት እንድትጠበቅም ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ ቅጂውን ያዢ።

ጥያቄ፦ የክራንቼ ጎማ በክረምቱ ጭቃ አለቀ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ጠይቅ። አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ልኩ ይለያያል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይራቸው፤ አንዱ ብቻ አዲስ ሲሆን ቁመታቸው ስለሚለያይ ትከሻህን ሊያምህ ይችላል።